ኤግዚቢቱ የት ነው ያለው?

የአንባቢዎች ጥያቄና የጠበቃዋ መልስ፣ ከደሴ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። ባለፈው እሁድ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ከአጎቴ ጋር ተጨቃጨቅን። አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስ፣ ሞት የተፈረደበት አንድ እስረኛ «የዲኤንኤ ምርመራ ይደረግልኝ» እያለ ከአሥር ዓመት በላይ ሲከራከር መኖሩን ስልኬ ላይ አነበብኩላቸው። አጎቴ «መርምረው አይገላገሉም? ይህን ያህል ዘመን ከከለከሉትማ አንድ ነገር ቢኖርበት ነው» አሉ። እኔ ደግሞ «የሚደብቁት ነገር ቢኖራቸው ነው የከለከሉት» አልኩ። በረካው ተጠጥቶ ረከቦቱ እስኪነሳ ድረስ አልተስማማንም። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ቢገጥም ምን ይሆናል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። አጎትህን ሰላም በልልኝ። «መርምረው አይገላገሉም?» ያሉትን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ጥሩ ጥያቄም ነው። ሁለታችሁም ግን ሰውየው ገዳይ ነው አይደለም ወደሚለው ሮጣችሁ ሄዳችሁ። ክርክሩ ገና እዚያ አልደረሰም። እነዚያ ሁሉ ዓመታት የፈጁት ማስረጃው የተቀመጠበት ካርቶን ይከፈት ወይስ አይከፈት በሚለው ላይ ነው።

ያነበብከው የሩበን ጉቴሬዝን ጉዳይ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 ብራውንስቪል በምትባል የቴክሳስ ከተማ የ85 ዓመት አሮጊት ቤታቸው ውስጥ ተወግተው ተገደሉ። ባንክ አያምኑም ነበርና ወደ 600 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ጥሬ ገንዘብ ቤታቸው ያስቀምጡ ነበር። ለዚያ ብር ነው የተገደሉት። ጉቴሬዝ በ1999 ሞት ተፈረደበት። እሱ የሚለው «ሲገደሉ ቤቱ ውስጥ አልነበርኩም፣ ሰው ይገደላል ብዬም አላሰብኩም» ነው። ከሟቿ ጥፍር ሥር የተፋቀው፣ ጣታቸው ላይ የተገኘው ፀጉር፣ የደሙ ናሙና፣ ይህ ሁሉ ያኔ ተሰብስቦ ተቀምጧል። «እሱን መርምሩልኝ» ነው የሚለው፤ በቃ።

የቴክሳስ ፍርድ ቤቶች እንቢ አሉት። ምክንያታቸውን በደንብ ስማው። ምርመራው የሌላ ሰው ዲኤንኤ ቢያወጣ እንኳ በዝርፊያው እጅህ ስላለበት ሞት ይገባሃል፣ ስለዚህ ምርመራው ምንም አይለውጥልህም ነው ያሉት። በዚያው በቴክሳስ ሕግ ደግሞ አንድ ፍርደኛ «ጥፋተኛ ብሆንም ሞት አይገባኝም» ብሎ መከራከር ይፈቀድለታል። ለዚያ ክርክር የሚሆነውን ማስረጃ ግን በዲኤንኤ መፈለግ አይፈቀድለትም። አንድ የፌዴራል ዳኛ ይህ መብትን ሰጥቶ መጠቀሚያውን መንሳት ነው ብለው ፈረዱለት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን ሻረውና ሌላ ነገር አመጣ፦ ብታሸንፍም ዐቃቤ ሕጉ ኤግዚቢቱን፣ ማለትም ለማስረጃ የተያዘውን ነገር፣ አይሰጥህም፣ ስለዚህ ለመክሰስ የሚያበቃ ጥቅም የለህም አለው። እስቲ አስበው። «እቃህን የያዘው ሰውዬ መቼም አይመልስልህም፣ ስለዚህ ልትከሰው አትችልም» እንደማለት እኮ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 2024 ሊገደል 20 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እግድ የመጣው። ሃያ ደቂቃ ማለት እናንተ ቤት አቦሉ ተቀድቶ ሳይጠጣ ማለት ነው። ከዓመት በኋላ፣ ጁን 26 ቀን 2025፣ ያው ፍርድ ቤት 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ የመክሰስ ጥቅም አለው ሲል ወሰነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውሳኔው «ነፃ ነህ» አላለውም። «ይመርመርለት» እንኳ አላለም። ክሱን መቀጠል ትችላለህ ነው ያለው።

አጎትህ «ለምን ይከለክላሉ?» ካሉ የከልካዮቹንም ሐሳብ ልንገርህ፣ እነሱም ሰው ናቸው። ፍርድ አንድ ቦታ ማብቃት አለበት ይላሉ። የሟች ቤተሰብ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ ቀጠሮ ቁስሉን እንደ አዲስ ይከፍትበታል። ሞት የተፈረደበት ሰው ደግሞ ቀኑን ለማራዘም ያገኘውን ገመድ ሁሉ ይይዛል። ይህ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦስቦርን በተባለ አንድ የአላስካ እስረኛ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ከተፈረደ በኋላ የዲኤንኤ ምርመራ ማግኘት በራሱ ሕገ መንግሥታዊ መብት አይደለም፣ መስመሩን ሕግ አውጪዎች ያብጁት ብሏል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አለው፣ ቴክሳስም ከ2001 ጀምሮ አለው። እስረኞቹ ዛሬ የሚታገሉት የዚያን ሕግ አንዲት ሐረግ ይዘው ነው።

ደግሞ ምርመራ ሁልጊዜ እስረኛውን አያወጣም። ይህንን የምልህ አንተም «የሚደብቁት አላቸው» ብለህ እንዳትደመድም ነው። እዚያው ቴክሳስ ሃንክ ስኪነር የሚባል ፍርደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሊገደል አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቀረው እግድ መጣለት፣ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለምርመራው ክስ ማቅረብ ይችላል ብሎ ፈቀደለት፣ በኋላም ተመረመረ። ከውጤቱ ሁለቱም ወገን የሚጠቅመውን አነበበ። በ2014 ዳኛው «ይህ ውጤት ያኔ ቢኖርም ጥፋተኛ መባሉ አይቀርም ነበር» አሉ። ስኪነር በ2023 እስር ላይ እያለ ታሞ ሞተ። ሮጀር ኮልማን የተባለ ሌላ ሰው ደግሞ እስከመጨረሻው ንፁህ ነኝ እያለ በ1992 ቨርጂኒያ ውስጥ ተገደለ። በ2006 ሲመረመር ዲኤንኤው የራሱ ሆኖ ተገኘ። እኔ ይህን ስሰማ «ታዲያ ምርመራው ምን ፈየደ?» አላልኩም። አሥራ አራት ዓመት ሲያከራክር የኖረ ነገር በአንድ ወረቀት አበቃ። ለዚህስ ቢሆን መመርመር አይሻልም?

አሁን ሁሌ ልቤን የሚነካውን ልንገርህ። ኪርክ ብለድስዎርዝ ይባላል፣ የሜሪላንድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች። አምስት ሰዎች «አይተነዋል» ብለው መሰከሩበት። አምስት! እኛ አገር በሦስት ሰው ቃል ስንቱ ገብቷል። በ1985 ሞት ተፈረደበት፣ በድጋሚ ችሎት ደግሞ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረለት። እስር ቤት ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ሲያነብ እንግሊዝ አገር አሌክ ጄፍሪስ የተባሉ ሳይንቲስት በ1984 ስላገኙት የዲኤንኤ መለያ አወቀ። ጠበቃውን «ይህ ነገር ገዳይ መሆንን ማሳየት ከቻለ፣ አለመሆንንም ማሳየት ይችላል» ዓይነት ነገር ይለዋል። ፈልጉ ተባለ። መጀመሪያ ኤግዚቢቱ የለም፣ ተወግዷል ተባለ። በኋላ የሕፃኗ ልብስ በዳኛው ቢሮ ቁምሳጥን ውስጥ፣ በወረቀት ከረጢት፣ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ተመረመረ። የእሱ አይደለም። በ1993 ወጣ፤ ሞት ተፈርዶባቸው በዲኤንኤ ነፃ ከወጡ አሜሪካውያን የመጀመሪያው እሱ ነው።

ወንድሜ፣ ያ ቁምሳጥን በየሌሊቱ ይታየኛል። አንድ ጸሐፊ «ይህ አሮጌ ካርቶን ቦታ ያዘብን» ብላ ብትጥለውስ ኖሮ?

እኛ ጋ ስንመጣ። በወሎ አገር ድሮ ሰው ሲሞት ወይ ከብት ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። አያቶቻችን ነግረውናል። አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ እውነቱ እስኪወጣ ወደ ቤት መግባት የለም፣ «ወፍ ነገረችኝ» ተብሎ በስውር የሚጠቁም ይጠቁማል። ቁም ነገሩ እውነትን መፈለጉ ነበርና አልንቀውም። ግን ወፏ ቂም ካላት የሚጠፋው ማን ነው? ዛሬም ብዙ መዝገባችን የሰው ቃል ነው። ሰው ደግሞ በጨለማ ያያል፣ ይፈራል፣ ይረሳል፣ ዘመዱን ይወዳል።

ሕጉን በአጭሩ ላስረዳህ። በእኛ አገር የሞት ቅጣት አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በከባድ የሰው ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ሊፈረድ ይችላል። በአንቀጽ 117 መሠረት ግን ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም። በተግባርም የተፈጸመው ከስንት አንዴ ነው፣ በ1999 ዓ.ም. አንድ ሰው ተገድሏል። ምርመራን በተመለከተ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 ፖሊስ የተጠርጣሪውን ደም ጭምር በሐኪም እንዲያስመረምር ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይና የራሱን እንዲያቀርብ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ «ይመርመርልኝ» የሚባልበት ጊዜ መጀመሪያው ችሎት ነው። ካልሆነ ይግባኝ ላይ፣ ይግባኝ ሰሚው ተጨማሪ ማስረጃ ማየት ይችላልና።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 6 ላይ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ አዲስ ነገር ከተገኘ ዳኝነቱ እንደገና እንዲታይ የሚጠየቅበት በር አለ። ለመሬት፣ ለውርስ፣ ለብድር ማለት ነው። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ በር በግልጽ አልተጻፈም። ሰበር አለ እንጂ ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፣ ከቁምሳጥን የተገኘ ልብስን አይደለም። የሚቀረው ይቅርታ ነው። ይቅርታ ደግሞ ላጠፋ ሰው ነው የሚሆነው። ላላጠፋ ሰው «ይቅር ብለንሃል» ሲባል ምን ይሰማዋል? ለመሬት የተከፈተ በር ለሰው ነፍስ አለመከፈቱ ሁሌ ያንገበግበኛል፣ ባገኘሁት መድረክ ሁሉም እለዋለሁ።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምርልህ። ከዓመታት በፊት በግድያ ለተከሰሰ ወጣት ጠበቃ ነበርኩ። የት እንደሆነ ይቅር። ሟች የለበሰው ጋቢ በኤግዚቢት ተይዟል። ጋቢው ላይ ከሟች ሌላ የቆሰለ ሰው ደም ይኖራል ብዬ ይመርመር አልኩ። ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ። በመጨረሻ ክፍሉ ተከፍቶ አንድ ጥቁር ፌስታል ወጣ፣ አፉ በሲባጎ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ሲፈታ ሽታው ሁላችንንም ወደኋላ መለሰን። ጋቢው ደሙ ሳይደርቅ ነው የታሸገው። ጥለቱ ከነጩ አይለይም፣ አረንጓዴ ሻጋታ ከዳር እስከ ዳር ወርሶታል። የተለጠፈበት ወረቀት ረጥቦ ቀለሙ ስለፈሰሰ የመዝገብ ቁጥሩ እንኳ አይነበብም ነበር። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። አንድ ሰው የእጁ ላይ ያገኘው ፌስታል ስለነበረ ነው። ልጁ ተፈረደበት። እናቱ ዛሬም ለገበያ ደሴ ሲወጡ ቢሮዬ ብቅ ይላሉ፣ ቁጭ ብለው ውሃ ይጠጣሉ፣ «ያ ጋቢ ምን ደረሰ ልጄ?» ይሉኛል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ፌስታል ውስጥ ያደረ እውነት ግን እያደር ይሻግታል። አጎትህን ይህን ንገርልኝ፦ ቴክሳስ ያለው ሰው የሚከራከርበት ነገር ቢያንስ በእጅ አለ።

ጥያቄ፦ እህት ዓለም፣ እኔ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ዲኤንኤ አይሳሳትም ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ደግሞ የተደፈሩ ሴት ልጆች ታጥበው፣ ልብሳቸውን አጥበው ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ዲኤንኤ «የማን ነው» ለሚለው በጣም ጠንካራ መልስ ይሰጣል። «መቼ መጣ» ወይም «ለምን መጣ» ለሚለው አይመልስም። የባልየው ፀጉር የሚስቱ ሻሽ ላይ ቢገኝ ምን ይገርማል? ሳይንሱ በሄደ ቁጥርም ጥቂት ነገር ይበቃዋል። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ደም ይፈልግ ነበር፣ አሁን ዓይን የማያየው ይበቃል። ይህ በጎ ነው፣ ግን የነካካው ሰው ሁሉ የራሱን ትቶበት ይሄዳል። እዚያው ቴክሳስ ሮድኒ ሪድ የሚባል የሞት ፍርደኛ ሟቿ የታነቀችበት ቀበቶ ይመርመር ሲል፣ ከተከለከለባቸው ምክንያቶች አንዱ ኤግዚቢቶቹ በአያያዝ ተበክለው ይሆናል የሚል ነው። መንግሥት ራሱ የያዘውን ነገር በደንብ አልያዝኩትም ብሎ እስረኛውን ይከለክላል ማለት ነው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን በጊዜው አቅርቧል ብሎ እንዲቀጥል ፈቀደለት።

ለልጆቹ የምትያቸው ይህን ነው። መጀመሪያ «አይዞሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም»። ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ከዚያ ሳይታጠቡ ቶሎ ይምጡ፤ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ታጥባም ከመጣች አትመልሻት፣ ልብሷም ታጥቦ ቢሆን ተቀበያት፣ ሁሉም ነገር በውሃ አይሄድም። ልብሱን በጓንት ያዢው፣ እርጥብ ከሆነ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ፀሐይም ዲኤንኤን ትጎዳለች። እያንዳንዱን ልብስ ለየብቻ በወረቀት ከረጢት ወይም በካኪ ፖስታ አድርጊው። ፌስታል አይሁን! እላዩ ላይ በእስክሪብቶ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደሰጠሽና ለማን እንዳስረከብሽ ጻፊ፣ ፈርሚ፣ አስፈርሚ። ካኪ ፖስታው በጀት የለም ከተባልሽ ጻፊልኝ፣ እኔ እልክልሻለሁ፤ የምሬን ነው።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው። ወንድሜ ተገድሎብኛል። ገዳዩ ታስሯል። እርስዎ ሁሌ ስለ እስረኛ መብት ይጽፋሉ። የእኛስ? ለገዳይ ይህ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላህ ያጽናህ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ በየትኛው እንደምትጸና ባላውቅም ሁለቱንም እንደ አገራችን ልማድ ተቀበለኝ። ጥያቄህ አላስከፋኝም። አንተ ቦታ ብሆን እኔም እጠይቅ ነበር።

ስለ ብለድስዎርዝ ከላይ የጻፍኩትን አንብበኸው ይሆናል። ያልጻፍኩት አለ። የሕፃኗ እውነተኛ ገዳይ የታወቀው በ2003 ነው፣ እሱ ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በዚያው ዲኤንኤ። ሰውየው ማን ሆኖ ተገኘ? በሌላ ወንጀል ታስሮ፣ በዚያው እስር ቤት፣ ከብለድስዎርዝ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ይኖር የነበረ እስረኛ ነው። አብረው ክብደት ያነሱ ነበር። የሕፃኗ ወላጆች እነዚያን ዓመታት ሁሉ የረገሙት የተሳሳተ ሰው ነበር። ዱዓቸውም ልቅሷቸውም ወደሌላ ሰው ነው የሄደው። እኔ ይህ ለእናት ሁለተኛ ሞት ነው እላለሁ።

እኛ አገር አበጋሮች፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ ደም ሲያደርቁ አይተሃል። የገዳይ ወገን ቀርቦ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳው ይቆጠራል፣ ተሳስሞ ይለያያል። ይህ ሁሉ የሚሠራው የመጣው ወገን የእውነት የገዳይ ወገን ከሆነ ነው። ያልገደለ ሰው አባት መጥቶ ቢንበረከክልህ፣ ካሳውን ቢቆጥርልህ፣ ደሙ ደርቋል ማለት ነው? የገደለው እኮ ማዶ ሆኖ እያየ ነው።

ስለዚህ ያንተን ጉዳይ በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንህ። የሟች ቤተሰብ እንደመሆንህ ዐቃቤ ሕጉን ሄደህ ጠይቅ፦ ወንድሜ የለበሰው ልብስ የት ነው? ተመርምሯል? በምን ታሽጓል? ቁጥሩ ስንት ነው? በትሕትና ጠይቅ፣ ግን መልስ ሳታገኝ አትመለስ። የታሰረው ሰው ከገደለው፣ ያ ልብስ ወደፊት የትኛውም ጠበቃ፣ እኔም ብሆን፣ በጥርጣሬ እንዳላስለቅቀው ያደርጋል። ካልገደለው ደግሞ የወንድምህን ገዳይ ገና አልያዝከውም። በሥራ ቀን ደሴ ከመጣህ ደብዳቤውን አብረን እንጽፈዋለን፣ ክፍያ የለውም። የወንድምህን መዝገብ ቁጥር ይዘህ ና።